የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ለሯጭ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ኅዳር ከእንጦጦ ቁልቁል ስሮጥ የባሕር ዛፍ ሥር ረግጬ ቀኝ እግሬን ወለም አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ ስለነበር፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ በክር የሚታሰርና በላዩ ሁለት ሰፋፊ ማሰሪያዎች ያሉት የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ከአንድ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ገዛሁ። እስከዚህ ነሐሴ ድረስ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ሮጬበታለሁ።

አብዛኛው ወለምታ የሚደርሰው መርገጫው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሲሆን፣ ቀድሞ የሚጎዳውም ከውጭኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ፊት ለፊት ያለው ጅማት ነው። ጅማቱ ከዳነ በኋላም እግር መሬት ከመንካቱ በፊት አቀማመጡን የማስተካከል ችሎታው ስለሚዳከም፣ አንድ ጊዜ ወለም ያለው እግር ለሁለተኛው የተጋለጠ ይሆናል። የዚህ ድጋፍ ማሰሪያዎች ከውስጥ እግር ሥር ተሻግረው የእግሩን ውጫዊ ጎን ወደ ላይ ስለሚስቡት መታጠፉን ይገታሉ። ቀድሞ የነበረኝ እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ላስቲክ ግን ሙቀት ከመስጠት ያለፈ ይህን አያደርግም ነበር። በሱሉልታ ሣር ላይ ሦስት ጊዜ ጉድጓድ ረግጬ ማሰሪያው እግሬን ሲይዘው በግልጽ ተሰምቶኛል፤ በስምንቱ ወር አንድም ወለምታ አልደረሰብኝም።

ምስጋናው በሙሉ ለዕቃው አይደለም። ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን አራት እርምጃ መራመድ መቻሌን ጠይቃ፣ የአጥንቶቹን ጠርዝ በጣቷ ተጭና ሕመም አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ራጅ አያስፈልግም ብላ ነበር። ይህ በ1992 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ኦታዋ የወጣ መመዘኛ መሆኑን ያወቅሁት ከእርሷ ነው። ከዚያም በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ በየቀኑ አዘዘችልኝ፤ እኔም ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ አደርገዋለሁ። (ወደ እርሷ ከመሄዴ በፊት አንድ ወጌሻ ትኩሱን እብጠት አጥብቆ አሽቶኝ፣ በማግሥቱ ጫማ ማጥለቅ አቅቶኝ እንደነበር ሳልጠቅስ አላልፍም።)

ድጋፉ ያሳሳተኝ በየካቲት ነው። ከተረከዜ በላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የሚያነክሰኝ፣ ስሮጥ የሚለቀኝና ማታ የሚመለስ ሕመም ጀመረኝ። ሕመሙ ሁሉ የዚያው የአሮጌው ወለምታ መስሎኝ ክሩን ይበልጥ አጠበቅሁት፤ የክሩ ጫፍም የታመመውን ቦታ እየፈገፈገ አባሰው። ችግሩ የተረከዝ ጅማት ሲሆን፣ መንስኤውም በጥር የዳገት ሩጫዬን በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረጌ ነበር፤ እግር ወደ ጎን እንዳይታጠፍ የሚይዝ ዕቃ ደግሞ ባት በሚጎትተው ጅማት ላይ ለሚያርፈው ጫና ምንም አይፈይድም። ሕክምናው ዳገቱን መቀነስና ደረጃ ጠርዝ ላይ በሁለት እግር ተነሥቶ በታመመው እግር ብቻ ቀስ ብሎ መውረድ ነበር፤ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። በአራተኛው ሳምንት ለውጥ ሳላይ ተስፋ ልቆርጥ ነበር፤ በግንቦት ግን የጠዋቱ ማነከስ ጠፋ።

ስለ ዕቃው ጥራት ብዙ የምለው የለኝም። ክሩ ከስምንት ኪሎ ሜትር በኋላ ስለሚላላ ቆሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቀጭን ካልሲ ከተደረገ ቆዳ ይልጣል፤ መደበኛው የሩጫ ጫማዬም ስለጠበበኝ ግማሽ ቁጥር የሚበልጥ ለመግዛት ተገድጃለሁ፤ ሻጩ ይህን ወጪ አስቀድሞ አልነገረኝም። የማሰሪያዎቹ ተጣባቂ ጫፍ (ቬልክሮው) በአምስተኛው ወር ሣርና ጭቃ ጠቅጥቆት መያዝ አቅቶት ነበር፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሳጸዳው ግን ተሻለው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ በእጅ አጥቤ ጥላ ሥር ሳሰጣው ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል።

አሁን የምጠቀምበት እንጦጦና ሱሉልታ ስሄድ ብቻ ነው። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ግን 10 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት ስለሆነ ቤት ትቼው እሄዳለሁ።