የፖስት ካርድ ዕድሜ የሚጣራበት ቤት፦ ኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት፣ ቺካጎ

አዲስ አበባ 31 ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ዘመኔን የኅትመት ፊልም ሳስተካክል ነው ያሳለፍኩት። ጡረታ ወጥቼ ቺካጎ ልጄ ጋ ስመጣ እሁድ ገበያ ላይ አንድ አሮጌ ፖስት ካርድ ዓይኔ ገባ። ሻጩ «የ1910 ነው» አለኝ። 25 ዶላር ከፍዬ ወሰድኩት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ቤት ገብቼ በማጉያ ሳየው ልቤ አልቀበል አለኝ። ወረቀቱ እንደ ተልባ እግር ጨርቅ ሸካራ ነው። ካርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ውስጥ «5ኤ-ኤች» ይላል። ልጄ «አባዬ፣ ይሄን የሚያውቁበት ቦታ አለ» ብላ ኒውቤሪ ወሰደችኝ።

መግባት በነፃ ነው። መታወቂያ አሳይቶ የአንባቢ ካርድ ማውጣት ይበቃል። ቦርሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። የምትፈልጉትን ሣጥን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት እዘዙ።

እዚያ ያለው የከርት ታይክ ኩባንያ መዝገብ ነው። ታይክ ጀርመናዊ ነው፤ በ1895 አሜሪካ ገባ፣ በ1898 ቺካጎ ውስጥ ማተሚያ ቤቱን ከፈተ። ያኔ አሜሪካ የሚሸጠው ጥሩ ጥሩ ፖስት ካርድ ጀርመን እየታተመ ነበር የሚመጣው። በ1909 ቀረጡ ጨመረ፤ በ1914 ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ የጀርመኑ መንገድ ተዘጋ። ሥራው ለአገሬው አታሚዎች ቀረላቸው። የታይክ ቤት እስከ 1978 ቆየ። ሕንፃው አርቪንግ ፓርክ መንገድ ላይ ዛሬም ቆሟል፤ ሰው ይኖርበታል። መዝገቡ መጀመሪያ ሌላ ሙዚየም ነበር፣ ኒውቤሪ የገባው በ2016 ነው።

የካርዴም ነገር እዚያው ተፈታ። በታይክ ቁጥር «ኤ» የ1930ዎቹ፣ «ቢ» የ1940ዎቹ፣ «ሲ» የ1950ዎቹ ምልክት ነው። ከፊቱ ያለው አኃዝ ዓመቱን ይነግራል። ስለዚህ የኔው የ1935 ነው። ሸካራው ወረቀት ራሱ የመጣው በ1931 ነው፤ 1910 ከየት ይመጣል? ሸካራ የሆነው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ ያግዛል፣ ደማቅ ቀለምም ይይዛል። ቀለም አልደርቅ ብሎ ሉኩ ሁሉ ሲበላሽ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ብልሃት እንደሆነ ይገባዋል።

እኔን የያዘኝ ግን ካርዱ አይደለም፣ የሥራ ዶሴው ነው። ለየትዕዛዙ የተቀመጠ ዶሴ አለ። ጥቁርና ነጭ ፎቶው፣ የደንበኛው ደብዳቤ፣ አንዳንዱ ውስጥ የግድግዳ ወረቀት ወይም የጨርቅ ቁራጭ ሳይቀር አለ፤ «ሆቴሌ ይህን ይመስላል፣ ቀለሙን በዚህ አድርጉት» ለማለት። ቀለሙን ያየው ደንበኛው ነው፤ ሠራተኛው ያለው ፎቶና ወረቀት ብቻ ነው። ከዚያ ተነስቶ ሰማዩን ሰማያዊ፣ መኪናውን ቀይ ያደርጋል። የኤሌክትሪክ ምሰሶና ሽቦ ይጠፋል፣ መንገዱ ይጸዳል።

ካርዱ ላይ የሚታተመው የድርጅቱ ስም ነው። ያንን ሁሉ የሠሩት እጆች ስም የለበትም። እኔም በሠራሁባቸው ካላንደሮች ላይ ስሜ የለም፤ ስለዚህ ዶሴዎቹን ቀስ ብዬ ነው ያገላበጥኳቸው።

ለሰብሳቢ፣ ለአታሚ፣ ለግራፊክስ ተማሪ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ቺካጎ መምጣት ለማይችል በርካታ ካርዶች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተለቀዋል። ዶሴውን ግን በእጅ ማገላበጥ ሌላ ነው።

ማታ የኔን ካርድ እንደገና በማጉያ አየሁት። ከሕንፃው በስተቀኝ፣ ሰማዩ ላይ አንድ ቀጭን ቦታ የኅትመቱ የቀለም ነጥቦች ከጎናቸው ካሉት ትንሽ ይጠጋጋሉ። ምሰሶ ነበረ እዚያ። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት፤ እስክታየው ድረስ ማጉያውን አልተቀበልኳትም።