አንደኛ ድራፍት ፒክ፦ ይያዝ ወይስ ትሬድ ይደረግ?
በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ (NHL) ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን በተራ ይመርጣሉ፣ ይሄ ድራፍት ይባላል፣ የመምረጥ ተራው ደግሞ ፒክ፤ ደካማ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመርጣል። ታዲያ ቀዳሚ ፒክ የደረሰው ቡድን ምን ያርገው፣ ይያዘው ወይስ ለሌላ ቡድን ይለውጠው (ትሬድ ያርገው)? እኔ ይያዘው ባይ ነኝ፣ ግን የሌላው ወገን መከራከሪያም ቀላል አይደለም። ኩቤክ ኖርዲክስ በ1991 (እ.ኤ.አ) ኤሪክ ሊንድሮስን አንደኛ መረጡት፣ ልጁ ግን እዛ አልጫወትም ብሎ መድረክ ላይ ማሊያቸውን እንኳ አልለበሰም፣ በ1992 ለፊላደልፊያ ሰጡትና ፒተር ፎርስበርግን ጨምሮ ብዙ ተጫዋች፣ ፒኮችና 15 ሚሊዮን ዶላር አገኙበት፣ ከዛ ክለቡ ኮሎራዶ ሄዶ በ1996 ስታንሊ ካፕን (የሊጉን ዋንጫ) በላ።

ግን እኮ እዛ ልጁ ራሱ እምቢ ስላለ ነው! ፒትስበርግ በ2005 ሲድኒ ክሮስቢን መረጠና በ2009፣ በ2016 እና በ2017 ዋንጫ አነሳ፣ በዛ ላይ አዲስ ልጅ የመጀመሪያ ኮንትራቱ ርካሽ ስለሆነ የደሞዝ ጣሪያው (ቡድኑ ለተጫዋቾች እንዲከፍል የተፈቀደለት ከፍተኛ ገንዘብ) ላይ ለሌላ ተጫዋች ቦታ ይተርፋል።

በጣም የሚያሳዝነኝ ቶሮንቶ ነው፣ በ2009 ፊል ኬስል የሚባል ተጫዋች ለማግኘት ብሎ ሁለት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ፒክ ለቦስተን ሰጠ፣ ሲዝኑን ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ቦስተን በዛው ፒክ ታይለር ሴጊንን ወሰደ፣ በ2011 ዋንጫውንም በላ። ስለዚህ ደካማ ቡድን ከሆንክ ፒክህን አትንካው፣ ትሬድ የምታረገው ዋንጫ ለመብላት አንድ ሰው ብቻ ሲጎድልህ ነው።