ገንዘቤን ላልተቀበሉኝ የከዚራዋ ሐኪም

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ የሚሠሩ፣ በራጅና በአልትራሳውንድ የሚመረምሩ የራዲዮሎጂ ሐኪም አሉ። ስማቸውን ለመጻፍ ፈቃድ ስጠይቃቸው «ሥራዬን ከወደድሽው ለሚያስፈልገው ሰው ንገሪ፤ ስሜን ግን ገበያ አታውጪው» ስላሉኝ አልጽፈውም። በውስጥ መልእክት ለጠየቀኝ ክሊኒኩን እጠቁማለሁ። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ማቅረብ አለብኝ። ዕድሜዬን ቀፊራ ስነግድ እግሩ ድረስ የመጣለትን ገንዘብ «አልፈልግም» ያለ ሰው ስላላጋጠመኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በታናሽ እህቴ ነው። አንገቷ ላይ፣ ስትውጥ ከፍ ዝቅ የምትል እብጠት ወጣችባት። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ፣ የት እንደሆነ ልተወውና፣ በቅጡ ሳንቀመጥ «ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አዲስ አበባ ሂዱ» ተባልን። ለምን እንደተጠረጠረ የነገረን የለም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነና ከእብጠቱ ይልቅ ፍርሃቱ እህቴን ምግብም እንቅልፍም ከለከላት። ቡና ላይ የሚሰበሰበው ጎረቤት ደግሞ ጥፋተኛ ፍለጋ ተነሣ። አንዷ ሞባይል ስልኩን ከሰሰች፤ ሌላዋ ጎመን ማብዛቷን፤ አንድ ዘመዳችን ደግሞ ለሳንባ ምርመራ የተነሣችውን ራጅ።

የከዚራዋ ሐኪም መሣሪያቸውን ከማንሳታቸው በፊት ወንበራቸውን ወደ እህቴ አዞሩና መጠየቅ ጀመሩ። «በልጅነትሽ ጭንቅላትሽን ወይም አንገትሽን በጨረር ታክመሽ ታውቂያለሽ?» አሏት። አልታከመችም። የታይሮይድ ካንሰርን (ታይሮይድ አንገት ላይ ያለ፣ ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው ዕጢ ነው) ያመጣሉ ከሚባሉት ሁሉ በማስረጃ የጸናው በልጅነት የተወሰደ ጨረር ነው አሉን። ድሮ በአንዳንድ አገሮች ሐኪሞች ያበጠ የጉሮሮ ዕጢንና የቆዳ ሕመምን ሳይቀር በልጆች ላይ በጨረር ያክሙ ነበር፤ ጉዳቱ የታወቀው ልጆቹ ካደጉ በኋላ ነው። በ1978 ዓ.ም. የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳም እንዲሁ ሆነ። ራዲዮአክቲቭ (ጨረር አመንጪ) አዮዲን ሣሩ ላይ ወረደ፤ ሣሩን ላሞች ጋጡት፤ ወተቱን ልጆች ጠጡት። ታይሮይድ አዮዲን የሚሰበስብ ዕጢ ስለሆነ መርዙን ከጥቅሙ ሳይለይ አከማቸው፤ ከዓመታት በኋላም በዩክሬን፣ በቤላሩስና በሩሲያ ያኔ ልጆች በነበሩት ላይ ካንሰሩ በዛ። ከአደገ በኋላ ጨረር ያገኘው ሰው ላይ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። የእህቴን የደረት ራጅ በተመለከተ «መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም» አሉና ራጁ በነጻ ተለቀቀ።

ቀጥለው ወደ ዘር ሄዱ። እናታችን አብራን ነበረች። በልጅነቷ ጎንደር ሳለች እንቅርት እንዳይወጣባት ተብሎ አንገቷ ዙሪያውን ተነቅሳለች፤ እንቅርቱ ግን ንቅሳቱን አልፈራም። እህቴ «ከእሷ ወርሼ ነው» ብላ ስታለቅስ ዶክተሯ እናታችንን «እማማ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ልዳብስዎት» ብለው አንገቷን በእርጋታ አዩላት። እንቅርት ያለበት ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም አሉ። ባለበት የኖረው እንቅርት በድንገት ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን ነገ ዛሬ ሳይባል መታየት አለበት። ከትውልድ ወደ ትውልድ በቀጥታ የሚወርደው ሜዱላሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ከታይሮይድ ካንሰሮች ጥቂቱን ድርሻ የሚይዝ ሲሆን፣ ከእሱም ሩብ ያህሉ አር ኢ ቲ በተባለ ዘረመል ለውጥ የሚተላለፍ ነው። ለውጡ ካለበት ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በዚህ ዓይነት የታመመ ሰው ያለበት ቤተሰብ ልጆቹን ሳይታመሙ ማስመርመር አለበት፤ ለውጡ የተገኘባቸው ልጆች ካንሰሩ ሳይጀምር ታይሮይዳቸው በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ። በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነትም ቢሆን ወላጁ፣ እህቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ላይ አደጋው ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። በእኛ ቤት ከእናታችን እንቅርት በቀር የሚታወቅ ነገር የለም።

ስለ ጨው ሲጠይቁ ግን እኔ ውስጥ ያለችው ነጋዴ ነቃች። ከአፍዴራ የሚመጣውን ጨው በጆንያ አውቀዋለሁ፤ አዮዲን ያለውና የሌለው በአንድ መደብ ጎን ለጎን ሲሸጥም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ገበያው ግን ሁልጊዜ ደንብ አያነብም። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ከማምጣቱም በላይ ፎሊኩላር የተባለው የካንሰር ዓይነት እጥረቱ ባለባቸው አካባቢዎች በብዛት ይታያል አሉን። አዮዲን ሙቀትና እርጥበት ያባርረዋል፤ በዚህ በድሬዳዋ ፀሐይ ጨውን ክዳን በሌለው ዕቃ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ገንዘብን መጣል ነው። ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ መጨመር ይሻላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኞቼን እየለመንኩ ክዳን ያለው ማስቀመጫ አስገዛቸዋለሁ። (አዎ፣ ማስቀመጫውንም እኔው እሸጣለሁ፤ ምክሩ ግን የእሳቸው ነው።)

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። በታይሮይድ ካንሰር ሴቶች ከወንዶች ሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ይያዛሉ፤ ሴቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜ፣ ወንዶች ላይ ደግሞ ዘግየት ብሎ ከ60 በኋላ ይታያል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም አደጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ስልኩና ጎመኑ ካንሰሩን ያመጣሉ የሚያሰኝ ማስረጃ ስላልተገኘባቸው እነሱም ተለቀቁ። አንድ ነገር ደግሞ ደጋግመው ነገሩን፦ ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ አይታመምም፤ የታመመውም ብዙ ጊዜ አንዳቸውም የሉበትም። እህቴ «ምን አድርጌ ነው?» ማለቷን ያቆመችው ይህን ስትሰማ ነው።

በአልትራሳውንዱ ሁለት እባጮች ተገኙ። ስክሪኑን ወደ እኛ አዙረው የእባጩ ጠርዝ የተዛባ መሆን አለመሆኑን፣ ውስጡ የካልሲየም ነጠብጣብ መኖሩን፣ ከወርዱ ቁመቱ መብለጡን እንደሚያዩ አስረዱን። ትልቁ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶለት ወደ ፓቶሎጂ፣ ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ተላከ፤ ውጤቱ ካንሰር የለም አለ። ከአንድ ሴንቲሜትር የምታንሰውንና ምንም የሚያጠራጥር ነገር ያልታየባትን ትንሿን አልነኳትም። ከእባጮች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ጉዳት የሌላቸው ናቸውና «የሚታይ ሁሉ አይወጋም፤ በዓመቱ ትመለሻለሽ፤ አድጋ እንደሆነ አያለሁ» አሏት።

ገንዘቡን ያልተቀበሉኝ ከዚህ በኋላ ነው። እኔም ፈርቼ ስለነበር «መጥቻለሁና የእኔንም ይዩልኝ» ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። እነዚያኑ ጥያቄዎች ጠየቁኝ፤ አንገቴንም ዳበሱ። እብጠት የለም፣ ጨረር የለም፣ በቤተሰብ ካንሰር የለም። «አንቺን በአልትራሳውንድ አላይሽም» አሉ። ተቆጣሁ እንጂ አላመሰገንኩም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጤነኛው ሁሉ አንገቱን በአልትራሳውንድ ማስፈተሽ በጀመረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 ባለው ጊዜ፣ የታይሮይድ ካንሰር አለባችሁ የሚባሉት 15 እጥፍ ሆኑ፤ በሕመሙ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም አሉኝ። ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳይጎዳቸው አብሯቸው ሊኖር ለሚችል ነገር ታይሮይዳቸው ወጥቶ፣ በየቀኑ ኪኒን የሚውጡ ሆነው ቀሩ። የሚታይ ሰው ማን እንደሆነ የሚለየው ጥያቄው ነው፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጉድለት የሌለበት ቦታ ነው ብዬ አላሞግስም። ወረፋው ረጅም ነው፣ መጠበቂያው ክፍል ያለው አንድ የተዳከመ የአየር ማራገቢያ ብቻ ነው፣ ዶክተሯም ሲደክማቸው ንግግራቸው ያጥራል። የሚሠሩት ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነ ካርድ ጠዋት ማውጣት ይሻላል። ከዚህ በፊት የተነሣችሁት አልትራሳውንድ ወይም የደም ውጤት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ የድሮውን ከአዲሱ ጋር ሳያስተያዩ ወረቀት ላይ አይፈርሙም።