የፒአይፒ ምዘና ሰነድ፦ በስልክ ወይስ በግል መረጃ ጥያቄ?

በእንግሊዝ የፒአይፒ (ለረጅም ጊዜ ሕመም ወይም ለአካል ጉዳት የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) ጥያቄዎ ውድቅ ከሆነ ሰነዱን በሁለት መንገድ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

በስልክ፦ ለዲደብሊውፒ (ድጎማውን ለሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ደውለው የመዛኙን ሪፖርት ግልባጭ ይጠይቁ። ድጎማው የሚወሰንበት ነጥብ በአብዛኛው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ስለሚሰጥ ለብዙዎች ይበቃል። ሪፖርቱ «ያለ ችግር ይራመዳል» ካለ፣ ስንት ሜትር፣ በምን ያህል ሕመም፣ ስንት ጊዜ እያረፉ እንደሆነ ከጎኑ ይጻፉ።

በግል መረጃ ጥያቄ (መሥሪያ ቤቱ ስለ እርስዎ የያዘውን መረጃ እንዲሰጥዎ በመጠየቅ)፦ የድሮ ሪፖርቶችና የስልክ ማስታወሻዎች ጭምር ይወጣሉ። መልሱ ግን እስከ አንድ ወር፣ ከተወሳሰበ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ውሳኔው እንደገና እንዲታይ የሚጠየቅበት ጊዜም አንድ ወር ነው፤ ሰነድ ሲጠብቁ እንዳያልፍዎ!

ቀኑ ከተቃረበ ስልክ ይሻላል፤ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ አቤቱታውን አስገብተው «ማስረጃ ይከተላል» ብለው ይጻፉ። የቀድሞው ምዘና ከአሁኑ ሲጋጭ ወይም ጉዳዩ ችሎት ሲደርስ ግን ሁለተኛው ያዋጣል።