የድሮ ካርታ ወይስ የሳተላይት ምስል?

አንዲት የጣና ዳር መንደር እንዴት እንዳደገች ለማየት ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥኩ። አንዱ በ1፡50,000 የተሠራ የድሮ ካርታ፣ ሌላው ላፕቶፕ ላይ የከፈትኩት ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ያነሱት ምስል።

ካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። በማጉያ መነጽር ሳየው ቤተ ክርስቲያኗ አለች። የእግር መንገዱ በተቆራረጠ መስመር ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ቤቶቹ ትንንሽ ነጥቦች ናቸው። ደግሞ ስም አለው! የወንዙ፣ የጉብታው፣ የጎጡ። አንዱን ስም ለአንድ አባት ባነብላቸው «እሱማ አሁን ባሕር ዛፍ ያለበት ነው ልጄ» ብለው በከዘራቸው አሳዩኝ። ሳተላይት ይሄን ከየት ያመጣዋል? ችግሩ፣ ካርታ የሚያሳየው አንድ ወቅት ብቻ ነው። የታተመበት ዓመትም ካርታው የተሠራበት የአየር ፎቶ ከተነሳበት ይዘገያል። መጀመሪያ ላይ በዚህ ተሸውጃለሁ።

ላንድሳት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያነሳል፤ ከ2008 ወዲህ በነፃ ይገኛል። የአብዛኛው ምስል አንዷ ነጥብ ግን 30 በ30 ሜትር ስለሆነች ጎጆ ጭራሽ አይለይም። የእርሻና የዛፍ መስፋፋትን ለማየት ግን ወደር የለውም። ሐይቁ ሸሸ ከማለታችሁ በፊት ግን ከየዓመቱ የተመሳሳይ ወር ምስሎችን አወዳድሩ፤ ውሃው ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፣ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠር የጨረጨራ ግድብም አለ። እምቦጭም ከላይ ሲታይ ማሳ ይመስላል፤ እንዳትሸወዱ።

ለእኔ ካርታው ይቀድማል፤ ቦታውን በስሙ ሳላውቅ ምስሉ አረንጓዴ ብቻ ነው።