ለክቶ ለሚናገረው የፈርነስ ባለሙያችን ምስጋና፣ ለዴንቨርና ለአውሮራ ነዋሪዎች ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በዴንቨር፣ በአውሮራና በዙሪያው ላላችሁ ወገኖቻችን። በጋዝ የሚሠራውን የቤት ማሞቂያ፣ ሁላችንም ፈርነስ የምንለውን፣ የምንተክልና የምንጠግን ሰዎች ነን። ብርዱ ሳይገባ «ፈርነሳችንን ለማን እናሳይ?» ብላችሁ ለምትጠይቁን መልሳችን አንድ ሰው ነው። ዛሬ እሱን በአደባባይ ልናመሰግነው ወደናል። ስሙንና ስልኩን እዚህ አንጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። እዚህ የምንጽፈው አሠራሩን ነው፤ እሱን ባታገኙት እንኳ ሌላውን ባለሙያ ትመዝኑበታላችሁ።

ወንድማችን ሳይለካ አይናገርም። ሲጨርስ አንድ ወረቀት ትቶ ይሄዳል። የጋዙ ግፊት፣ የአየሩ ሙቀት ልዩነት፣ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የነበልባል ጠቋሚው ንባብ፣ ሁሉም በቁጥር ሰፍሮበታል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሰው፣ እሱም ይሁን ሌላ፣ ወረቀቱን አይቶ ምን እንደተለወጠ ያውቃል። የእጅ ባትሪ ብቻ ይዞ ገብቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «አርጅቷል፣ ይቀየር» የሚል ሰው ባለበት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከበር ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያውን ውጭ፣ ንጹሕ አየር ላይ ከፍቶ ዜሮ ካስያዘ በኋላ ይዞት ይገባል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እሳቱ አየር ሲያጥረው ወይም ነበልባሉ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ይፈጠራል። በቤት ውስጥ አየር ላይ ንባቡ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ከሚሊዮን 9 እጅ፣ በሙያው አጠራር 9 ፒፒኤም፣ ከደረሰ ምንጩን ሳያገኝ አይወጣም።

ከዚያ ፈርነሱን ከመንካቱ በፊት የቆመበትን ክፍል ያያል። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ደጋግመን የምናየው ጥፋት ያለው እዚህ ነውና። በብዙ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ይዞ ወለል አጠገብ የሚወርድ ወፍራም ቱቦ አለ። ብርድ ያስገባል ብለው ጨርቅ የሚወትፉበት፣ በፕላስቲክ ጠፍረው የሚያስሩት አሉ። ያ ቱቦ የእሳቱ ትንፋሽ ነው። የድሮው ዓይነት ፈርነስና አጠገቡ ያለው ወተር ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ለማቃጠል አየር የሚወስዱት ከክፍሉ ነው። ሲታፈኑ ነበልባሉ ሰማያዊነቱን ትቶ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ይሠራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከውጭ የሚገባ አየር ከሌለ፣ ዕቃዎቹ በሰዓት ለሚያቃጥሉት ለየ1,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) 50 ኪዩቢክ ጫማ የክፍል ይዘት ያስፈልጋል። ባለ 80,000 ፈርነስና ባለ 40,000 ወተር ሂተር ተደምረው 120,000 ናቸው፤ 6,000 ኪዩቢክ ጫማ ይጠይቃሉ። ጣሪያው 8 ጫማ ከሆነ 750 ካሬ ጫማ ወለል ማለት ነው። ቤዝመንቱን ለማከራየት ወይም ለመኝታ ሲሠሩ በጂፕሰም የታጠረች ትንሽ የፈርነስ ክፍል ይህን አትይዝም። ወደ ቀረው ቤት የሚከፈቱ ሁለት መተንፈሻዎች ያስፈልጓታል፦ አንዱ ከጣሪያው በ12 ኢንች ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በ12 ኢንች ውስጥ። እያንዳንዳቸው ለየ1,000 ቢቲዩ አንድ ካሬ ኢንች ክፍት ቦታ፣ በዚህ ምሳሌ 120 ካሬ ኢንች፣ ሊኖራቸው ይገባል። ወንድማችን ይህን በሜትር ለክቶ፣ የፈርነሱን ሳህን፣ ማለትም የአምራቹ ቁጥሮች የተጻፉበትን ሰሌዳ፣ አንብቦ፣ አስልቶ ያሳያችኋል። በዚያ ክፍል በረኪና፣ ቀለምና ቤንዚን አታስቀምጡ። ከበረኪና የሚወጣው ክሎሪን ወደ እሳቱ ተስቦ ሲገባ የሙቀት መለዋወጫውን፣ ማለትም እሳቱንና ጭሱን ከቤቱ አየር የሚለየውን ብረት፣ ይበላዋል፤ የቤንዚኑ አደጋ ግልጽ ነው።

ፊልተር ላይ ብዙ አንቆይም። ባለ አንድ ኢንቹ በየወሩ ይታይ፣ ቢዘገይ በሦስት ወር ይቀየር፤ ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይዙር። ቡና በሚቆላበት፣ እጣን በሚጤስበት፣ ቁሌት በሚበዛበት ቤት ቶሎ ይሞላል። «ጥቅጥቅ ያለው ይሻላል» ብላችሁ በባለ አንድ ኢንች ቦታ ላይ ሜርቭ 13 (ሜርቭ የፊልተር የማጣራት ደረጃ ነው) ስትገጥሙ ደግሞ አየሩ ሊታፈን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሜርቭ 8 ይበቃል። አየር ሲያንስ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ የሙቀት ገደብ ማብሪያው እሳቱን ያጠፋዋል፣ ነፋሱ ግን ይቀጥላል። «ይነፍሳል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው» የምትሉን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የማትጠቀሙበትን ክፍል መተንፈሻ መዝጋትም ያንኑ ጣጣ ያመጣል፤ ጋዝ አይቆጥብም።

ይህን የሚለካው በሁለት ቴርሞሜትር ነው። ወደ ፈርነሱ የሚመለሰው አየር 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ የሚወጣው 120 ከሆነ ልዩነቱ 52 ነው። ሳህኑ ላይ «ከ35 እስከ 65» የሚል ከሆነ ጤናማ ነው። ከ65 በላይ ከሄደ አየሩ አንሷል ወይም ጋዙ በዝቷል፤ የትኛው እንደሆነ ከታች የምናነሳው የጋዝ ልኬት ይነግረዋል።

ፈርነሱ ሲነሳ ቆሞ ያዳምጣል። መጀመሪያ ጭስ ሳቢዋ ትንሽ ሞተር ትነሳለች፣ የግፊት ማብሪያው ተገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ማቀጣጠያው ይቀላል፣ ጋዙ ይከፈታል፣ ነበልባሉ ከዳር ዳር ይያያዛል፤ ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ ትልቁ ነፋሻ ይነሳል። የትኛው እርምጃ ላይ እንደቆመ ካወቁ የተበላሸውን ክፍል በግምት መቀየር አያስፈልግም። ነበልባሉ ተቀጣጥሎ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው፣ እሳት መኖሩን የሚያረጋግጠው የነበልባል ጠቋሚው ዘንግ ነው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አንዲት ብሎን ፈትቶ፣ ዘንጉን በደቃቅ የብረት ሱፍ አብሶ መመለስ ነው፤ ሸካራ የአሸዋ ወረቀት ይቧጭረዋል። እሱ ከማጽዳቱ በፊትና በኋላ በዘንጉ የሚያልፈውን ጥቃቅን ኤሌክትሪክ በማይክሮአምፕ ይለካል። ከአንድ በታች ከሆነ ደካማ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ከ2 እስከ 6 ሲሆን ደህና ነው። በማጽዳት ብቻ በሚድን ብልሽት የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተቀይሮላቸው ብዙ የከፈሉ ሰዎች አሉ፤ የሚያሳዝን ነው።

አሁን ወደ ጋዙ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ዴንቨርን ከፍታ ብሎ ላይቆጥራት ይችላል፤ እሳት ግን ይቆጥራታል። ከተማዋ ያለችው 5,280 ጫማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ለማቃጠል የሚገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። የተለመደው ደንብ ከ2,000 ጫማ በላይ ለሚተከል ፈርነስ፣ ከባሕር ጠለል ጀምሮ ለየ1,000 ጫማው የጋዙን መጠን 4 በመቶ መቀነስ ነው። ለዴንቨር 21 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ሳህኑ ላይ 80,000 የተጻፈበት ፈርነስ እዚህ ወደ 63,000 መውረድ አለበት። አምራቹ የራሱ ሰንጠረዥ ካለው ሰንጠረዡ ይቀድማል። ይህ ሳይደረግ የተተከለ ፈርነስ ጋዙ ይበዛበታል፣ ጥላሸት ይሠራል፣ መለዋወጫውም ቶሎ ይሰነጠቃል።

ወንድማችን የግፊት መለኪያውን ቫልቩ ላይ ይሰካል። ለተፈጥሮ ጋዝ ከቫልቩ በኋላ ያለው የተለመደ ግፊት 3.5 ኢንች የውሃ ዓምድ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) ነው፣ በአምራቹ የከፍታ ሰንጠረዥ መሠረት ይስተካከላል። ከቤት ውጭ ያለውንም ቆጣሪ በሰዓት ይይዘዋል፤ ሌላው የጋዝ ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ኪዩቢክ ጫማ በስንት ሰከንድ እንደሚያልፍ ይቆጥራል። 3,600ን ለዚያ ሰከንድ አካፍሎ፣ በጋዙ የሙቀት ይዘት ያባዛል። 45 ሰከንድ ከሆነ በሰዓት 80 ኪዩቢክ ጫማ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አንድ ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ የሚይዘው ሙቀት ከባሕር ጠለል ያነሰ ስለሆነ በ1,000 ማባዛት ያሳስታል፤ ቁጥሩን ከጋዝ ኩባንያው ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው። እሱ አይዘለውም።

ቀጥሎ ከጭስ ማውጫው ላይ በመሣሪያ ጭሱን ይለካል። ለፈርነስ የተቀመጠው ጣሪያ፣ ከጭሱ ጋር የተቀላቀለው ትርፍ አየር ተቀንሶ ሲሰላ፣ 400 ፒፒኤም ነው፤ ጤናማው ግን ከ100 በታች ሆኖ ጸንቶ ይቆማል። ቁጥሩ በየደቂቃው የሚወጣ ከሆነ ሳይታወቅ አይታለፍም። የመለዋወጫ ስንጥቅንም የሚጠረጥረው በዚሁ መሣሪያ ነው፦ ትልቁ ነፋሻ ሳይነሳና ከተነሳ በኋላ ያለውን ኦክስጅን ያነጻጽራል። ነፋሻው ሲነሳ ኦክስጅኑ ዘለል ካለ ወይም ነበልባሉ ከተወዛወዘ አየር በስንጥቅ እየገባ ሊሆን ይችላል። ያኔ በካሜራ ያየዋል፣ ፎቶውን ይሰጣችኋል፣ ጋዙንም ይዘጋል። «ሌላ ሰውም አሳዩ» ብሎ የሚመክር እሱ ነው። ፎቶም ቁጥርም ሳያሳይ «ተሰንጥቋል፣ ዛሬውኑ ፈርሙ» የሚል ካጋጠማችሁ አትፈርሙ።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ አዲስ ፈርነስ ለምታስገቡ። የድሮው ባለ 80 በመቶ ፈርነስ (ከጋዙ ሙቀት 80 በመቶውን ለቤቱ የሚሰጥ) እና ወተር ሂተሩ አንድ የጭስ ማውጫ ይጋሩ ነበር። ፈርነሱ ባለ 90 በመቶ ሲሆን በነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳ ይወጣል፤ ወተር ሂተሩ ለሁለት በተሠራው ሰፊ ማውጫ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ማውጫው ለእሱ ብቻ ስለሚሰፋና ስለሚቀዘቅዝ ጭሱ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። መፍትሔው ለወተር ሂተሩ መጠን የሚስማማ የብረት ቱቦ በማውጫው ውስጥ ማውረድ ነው። በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ይህ መኖሩን ጠይቁ። ወንድማችን በሮችን ዘግቶ፣ የኩሽናውን ጭስ ሳቢ፣ የመታጠቢያ ቤቱንና የልብስ ማድረቂያውን አንድ ላይ አስነስቶ ይፈትነዋል። በገና ዋዜማ ዶሮ ወጥ ሲሠራ የቤቱ ሁኔታ ልክ ይህ ነው፦ ሳቢው ሙሉ ኃይል፣ መስኮቱ ዝግ፣ ቤቱ ሰው የሞላው።

ባለ 90 በመቶው የራሱ ጠባይ አለው። ጭሱ ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚጠራቀም የማፍሰሻ ቱቦው ከተዘጋ ወይም ከበረደ ፈርነሱ ይቆማል። የውጭ ቱቦዎቹ አፍ ከሚጠበቀው በረዶ ቢያንስ 12 ኢንች ከፍ ማለት አለበት። እንደ ማርች 2021 ያለ፣ 27 ኢንች ገደማ የጣለ በረዶ ሲመጣ፣ ቱቦዎቹን በእጅ ጥረጉ፤ አካፋ ይሰብራቸዋል።

የሚያስመሰግነው ሌላው ነገር እምቢ ማለቱ ነው። የደህንነት ማብሪያ በሽቦ አገናኝቶ «ለዛሬ ይሥራ» አይልም። እሳት ወደ ውጭ ሲወጣ የሚቆርጠውን ማብሪያም ምክንያቱን ሳያገኝ አይመልሰውም።

አላርም የሌለው ቤት ከገባ ሳያስገጥም አይወጣም። በኮሎራዶ ከጁላይ 1 ቀን 2009 ጀምሮ በሚሸጥ ወይም አዲስ ተከራይ በሚገባበት፣ ጋዝ ባለው ቤት፣ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል መግቢያ በ15 ጫማ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንዲኖር ሕጉ ያዛል። ተከራዮች ይህን እወቁ። ግን የተለመደው አላርም ቶሎ አይጮህም፤ 70 ፒፒኤም ላይ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት፣ 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የልብ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ዝቅተኛ መጠንንም በቁጥር የሚያሳየውን መግዛት ይሻላል። ከጀርባው ያለው የማብቂያ ቀን ካለፈ ይጣል። አራት ጊዜ ጮሆ፣ አረፍ ብሎ፣ እንደገና አራት ከጮኸ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ 911 ከውጭ ይደወል። የጋዝ ሽታ ከሆነ መብራት ሳታበሩም ሳታጠፉም ውጡ። ፈርነሱ ቆሞ ቤቱ ቢበርድም የጋዝ ምድጃውን ለማሞቂያ አትክፈቱ፣ ከሰልም ወደ ቤት አታስገቡ። የከሰል ጭስ አገር ቤት የሚያደርሰውን እናውቃለን፤ እዚህ ያለው ቤት ደግሞ ይበልጥ የታሸገ ነው።

ሌላ ባለሙያ የምትጠሩ ከሆነ፣ ኮሎራዶ የማሞቂያ ሠራተኛን በስቴት ደረጃ ፈቃድ አትሰጥም፤ ፈቃዱ የከተማ ነው። የከተማውን ፈቃድ ጠይቁ። ፈርነስ ሲቀየር ፐርሚት ይወጣል፣ የከተማው ተቆጣጣሪም ያየዋል፤ «ያለ ፐርሚት ይቀንስላችኋል» የሚለውን አትስሙ።

ለወንድማችን ከመደወላችሁ በፊት ሁለት ነገር አዘጋጁ። ከፈርነሱ በር በስተጀርባ ያለውን ሳህን ፎቶ አንሱ፤ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ እዚያ ነው። ፈርነሱ ቆሞ ከሆነ ደግሞ በትንሿ መስኮት የሚታየው መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ቁጠሩና ጻፉ፤ ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ ካበራችሁት በብዙ ሞዴሎች ምልክቱ ይጠፋል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ቀጠሮ ማግኘት ይቀላል፤ የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ ቅድሚያ የሚሰጠው ማሞቂያ ለቆመበትና ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤት ነው፣ ይህንም በመልካም ተረዱለት።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። በየቤዝመንቱ ተንበርክከህ ለጻፍከው ቁጥር ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን።