በአዳማ ገበያ የተገዛ ስም የሌለው አሮጌ ራቼት

አዳማ ወደ ጂቡቲ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባትና ጋራዥ የበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ በገበያው ዳር ሸራ ዘርግተው ያገለገሉ መሣሪያዎችን የሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ ጥሩ ዕቃ አይጠፋም። እኔም ከእነዚህ መደቦች በአንዱ ስምም ቁጥርም ያልተጻፈበት ባለ ግማሽ ኢንች ራቼት (ሶኬት የሚባለው የብሎን መፍቻ የሚሰካበት፣ ጥርስ ያለው ማዞሪያ እጀታ) አግኝቻለሁ። ሽማግሌው ሻጭ «ልጄ፣ ይህ በጣልያን ጊዜ የገባ ዕቃ ነው» ብለው ዋጋውን በዚያው ልክ ሰቀሉት።

መሣሪያው ራሱ ምስጋና ይገባዋል። ክሮሙ በጥቂት ቦታ ብቻ ተልጧል፤ እጀታው አያዳልጥም፤ ጥርሶቹም ጭነት ሲበዛባቸው አይዘሉም። የጣልያን ጊዜ የተባለው ግን አያስኬድም፤ ምክንያቱም በራቼቱ ጭንቅላት ጀርባ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ሶኬቱን የሚለቅ ቁልፍ አለ። ይህን አሠራር የፈጠረው ሲርስ የተባለው የአሜሪካ መደብር ሠራተኛ የነበረው ፒተር ሮበርትስ ሲሆን፣ የአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የጣልያን ወረራ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1941 ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ገባ የተባለ ራቼት እንዲህ ያለ ቁልፍ ሊኖረው አይችልም። የግማሽ ኢንቹ ልክም አገሩን አይናገርም፤ ሚሊሜትር የሚጠቀሙት የጀርመንና የጣልያን አምራቾችም የሶኬት መሰኪያውን በኢንች ነው የሚሠሩት።

አምራቹን በስም መለየት ከዚህ ይከብዳል። የመሣሪያ ንግድ ከጥንት ጀምሮ አንዱ ቀጥቅጦ ሌላው በስሙ የሚሸጥበት ሥራ ነው፤ ሲርስ ክራፍትስማን በሚል ስም ይሸጣቸው የነበሩ መሣሪያዎች እንኳ በሌሎች ፋብሪካዎች የተሠሩ ነበሩ፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሠራቸውም የሚታወቀው ከስሙ አጠገብ በተቀረጸች ትንሽ ፊደል ነበር። የእኔን በናፍጣ አጥቤ በብርሃን ፊት ሳገላብጠው ፊደልም ሆነ ስም የተፋቀበት ጎድጓዳ አላየሁም፤ ስለዚህ ሲወጣም ያለ ስም የወጣ ይመስለኛል። የቀረው መንገድ የውስጡን አሠራር ማየት ነው፦ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የሚሰማውን ቀጭታ መቁጠር፣ ክዳኑ በብሎን ወይስ በቀለበት እንደተያዘ መለየት፣ ጥርሱን የሚይዘው ምላስ አንድ ወይም ሁለት መሆኑን ማየት፣ ከዚያም ስማቸው ከተጻፈባቸው ራቼቶች ጋር ማስተያየት። የእኔ ባለ 36 ጥርስ ነው፤ ይህ ግን በብዙ አምራቾች ዘንድ የተለመደ ቁጥር ስለሆነ ብቻውን አይበቃም።

ሻጩ ክዳኑን ከፍቼ እንዳይ ያለ ቅሬታ ፈቅደውልኛል፤ ይህ በገበያው ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ቸርነት ነው። አምራቹ ባልታወቀ ዕቃ ላይ መለዋወጫ ማዘዝ ስለማይቻል፣ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ምላሱንና ሞላውን ይመልከት። በመደቡ ላይ ቅርጹ ከዚህ ጋር አንድ የሆነ፣ ጭንቅላቱ የተሰነጠቀ ሌላ ራቼት ነበር፤ ለመለዋወጫ ብዬ ስጠይቃቸው በትንሽ ጭማሪ ሰጥተውኛል።